የአውራጃ ፍርድ ቤት ምን ነበር? የዛሬው የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤትስ ወራሹ ነው?

የሞጣ ልጅ

ሰላም ለቤቱ። የአባቴን ወረቀቶች ሳገላብጥ በ1961 ዓ.ም. የተሰጠ የፍርድ ግልባጭ እጄ ገባ። አናቱ ላይ «የሞጣ አውራጃ ግዛት ፍርድ ቤት» ተብሎ በታይፕ ተመትቷል፤ ግርጌው ላይ ፊርማና የደበዘዘ ክብ ማኅተም አለ። ከሳሹ አያቴ ናቸው፤ ተከሳሹ የእርሳቸው የአጎት ልጅ። የተካሰሱት በርስት ድንበር ነው፤ አያቴ ተረትተዋል።

እኔ የማውቀው የወረዳ ፍርድ ቤትንና የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ብቻ ነው። ይህ አውራጃ የሚባለው ከሁለቱ ወደ የትኛው ይጠጋል? ወረዳ እያለ አያቴ ለምን እዚያ ሄዱ? ቤተሰባችን ውስጥ ደግሞ «ነገሩ ጃንሆይ ድረስ ደርሷል» እየተባለ ይወራል። ይህ የሚሆን ነገር ነበር ወይስ የአያቶች ጨዋታ ነው? የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ጡረተኛው ሬጅስትራር

ልጄ፣ የአባትሽን ነፍስ ይማር። እኔ በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት በአንድ አውራጃ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ገብቼ በዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሬጅስትራርነት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

የያዝሽው ወረቀት በአዋጅ ቁጥር 195/1955 ከተደራጀው ፍርድ ቤት የወጣ ነው። ያ አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በአራት እርከን አቆማቸው፤ ከላይ በአፈ ንጉሡ፣ ማለት በዳኞቹ ሁሉ አለቃ፣ የሚመራው ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ የአውራጃ ግዛት፣ በመጨረሻም የወረዳ ግዛት ፍርድ ቤት። የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሰባት አውራጃ ነበረው፤ ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ አገው ምድር፣ ባሕር ዳርና መተከል። የሞጣ ሰው ከወረዳው ያለፈ ክርክር ሲገጥመው እዚያው ሞጣ ይሟገታል እንጂ ገና ከመነሻው ደብረ ማርቆስ አይወርድም ነበር።

አያትሽ ለምን ወረዳውን ዘለሉት ላልሽው፣ መልሱ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ አለ። የወረዳው ሥልጣን የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሆን እስከ 1,000 ብር፣ ሌላው ክስ እስከ 500 ብር ነበር። አውራጃው ደግሞ በማይንቀሳቀስ እስከ 10,000፣ በሌላው እስከ 5,000 ብር ያያል። ከዚያ በላይ የሆነውን ከፍተኛው ይወስዳል። ግልባጭሽ «ከሳሽ» ካለ እንጂ «ይግባኝ ባይ» ካላለ፣ መሬቱ ከ1,000 ብር በላይ ተገምቶ በቀጥታ አውራጃው ዘንድ የተከፈተ መዝገብ ነው ማለት ነው። የዚያን ጊዜውን 1,000 ብር በዛሬው ዓይን አትዪው፤ ደህና መሬት ነበር።

ስለ ጃንሆይ የሚወራው ደግሞ ጨዋታ ብቻ አይመስለኝም። የአውራጃው ይግባኝ ለከፍተኛው ይቀርባል። ከፍተኛው ካጸናው በሕጉ ሁለተኛ ይግባኝ የለም፤ ሁለተኛ ይግባኝ የሚኖረው የበላዩ ፍርድ ቤት የታችኛውን ውሳኔ ከለወጠው ነው። የይግባኝ መንገድ ሲዘጋ የሚቀረው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ለሚሰየሙበት ዙፋን ችሎት አቤት ማለት ነበር። የጎጃም ባላገር ለርስት ሲል ስንቁን ቋጥሮ አዲስ አበባ መክረሙ ብርቅ አልነበረም።

ነገረ ፈጅ

ጋሼ ሬጅስትራር፣ እጅ ነሥቻለሁ። እኔ ጠበቃ ነኝ፤ ከ1955 በፊት የነበረውን ልጨምር፤ ያለ እርሱ የአዋጅ 195 ክብደት አይታይም።

ከጠላት ወረራ በኋላ ፍርድ ቤቶችን ያቋቋመው በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 2 ነው። በዚያው ዓመት ጥር ወር ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ስምምነት ምክንያት እንግሊዛውያን ዳኞች በከፍተኛው ፍርድ ቤት ይቀመጡ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ዘመናዊ መልክ ያዘ። በየጠቅላይ ግዛቱ ግን ሌላ ነበር፤ የጠቅላይ ግዛቱን ፍርድ ቤት በሰብሳቢነት የሚመራው አገረ ገዢው ራሱ ነው። ጠዋት ግብር ያላስገባውን ሲያስር የዋለ ሹም፣ ከሰዓት ያንኑ ሰው ከሳሽ ወይም ተከሳሽ አድርጎ ይዳኘዋል። ዳኞች አብረውት ቢቀመጡም መሃሉን የያዘው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

የ1955ቱ አዋጅ የጠቅላይ ግዛት ፍርድ ቤት የሚባለውን እርከን ከነገዢው ወንበር አስቀረው። ለእኔ የክፍለ ሀገር ፍርድ ቤት ታሪክ መነሻው ይህ ነው። የቀረው፣ አውራጃ ተባለ ዞን ተባለ፣ የአስተዳደር ካርታ ሲቀየር አብሮ የሚቀየር ታፔላ ነው።

ከሥር በኩል ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 90/1939 የተሾሙ የአጥቢያ ዳኞች እንደነበሩ አንርሳ። እስከ 25 ብር የሚደርስ ክርክር ያያሉ፤ በወንጀልም እስከ 15 ብር መቀጮ ይጥላሉ። ዋና ሥራቸው ማስታረቅ ነበር።

ዋርካ ሥር

ወንድሜ ነገረ ፈጅ ታሪኩን ከ1934 መጀመሩ የጠበቃ ጠባይ ነው፤ በነጋሪት ጋዜጣ ካልታተመ አልተፈጠረም ባዮች ናችሁ።

በክፍለ ሀገር የመጀመሪያ ደረጃ ዳኛ ባለ ጉልቱ፣ ማለት ከመሬቱ ግብር የመሰብሰብ መብት የተሰጠው ሹም፣ ነበር። ዳኝነት ከሹመት ጋር የሚሰጥ ጥቅም ነበር፤ የተረታው ወገን የሚከፍለው ለዳኛው ገቢ ነው። ተሟጋቾች በየክርክሩ መሃል ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ እያሉ ይወራረዳሉ፤ «ይህን ባልረታ ማር ልስጥ» ይላል አንዱ፣ ሌላው ደግሞ ይቀበለዋል። የተረታው የተወራረደውን ይከፍላል። ተበዳሪና አበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ከአንዱ ዳኛ ወደ ሌላው አብረው ይጓዛሉ። መንገድ ላይ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። የዛሬ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ነገር ግን መጥሪያ አድራሽና ፖሊስ በሌለበት አገር ተከሳሽን ችሎት ለማድረስ ከዚህ የረከሰ ዘዴ ማን አገኘ?

ወንጀለኛው ካልታወቀ አገሬው ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ ሰው እስኪጠቆም ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በበላ ልበልሃ፣ በድሮው የጥያቄና መልስ ሙግት፣ የሚከራከር ሰው አፉ እንጂ ማስረጃው ብቻ አይረታለትም ነበር፤ ሕዝቡም ለማድመጥ ይጎርፋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ፤ ወምበሮች የሚባሉ የንጉሡ ዳኞችም ነበሩ። ይህ ሁሉ ግን ለባላገሩ ሩቅ ነበር፤ የእርሱ ዳኛ መልከኛው፣ የአካባቢው የመሬት ሹም፣ ነው።

ስለዚህ «በ1955 አገረ ገዢው ከወንበሩ ወረደ» ስትል ቀስ በል። ከወንበሩ ወርዶ ከሆነ ከግቢው አልወጣም። የአውራጃው ዳኛ ቤት ሲከራይ፣ መኪና ሲቸገር፣ ፍርድ ለማስፈጸም ፖሊስ ሲጠይቅ የማንን በር ያንኳኳ ነበር?

ነገረ ፈጅ

ጋሼ ዋርካ፣ የሚያጣላን ነገር የለም። የፍርድ ሚኒስቴር ዳኛ ሲያዛውርና ሲያሳድግ እንደነበር፣ ይህም በደርግ ጊዜ እንደቀጠለ እኔም አልክድም። ነገር ግን ሹሙ ዳኛውን በስልክ ማስፈራራቱና ሹሙ ራሱ ዳኛ መሆኑ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ይግባኝ ብለህ፣ ዳኛው ይነሣልኝ ብለህ ትታገለዋለህ። ሁለተኛውን ግን ሕጉ ራሱ ስለፈቀደው መታገያ የለህም።

የሕግ ተማሪ

ውይይቱ ጥሩ ሆኖልኛል። ሁለት ነገር ግን አልገባኝም። በደርግ ጊዜ የአውራጃው ፍርድ ቤት ምን ሆነ? አሁን ደግሞ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የክልል ሆኖ ሳለ የፌዴራል ጉዳይ ሲያይ አይቻለሁ፤ በምን ሥልጣን?

ጡረተኛው ሬጅስትራር

የደርጉን እኔ ልመልስ፤ ኖሬበታለሁ።

ዘውዱ ሲወርድ ዙፋን ችሎቱ አብሮ ወረደ። ሌሎቹ እርከኖች ስማቸውን እየለዋወጡ ቀጠሉ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ከሥር ነው። በገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 71/1968 የገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ ተቋቋመላቸው። በከተማ ደግሞ የቤት አዋጁ 47/1967 እና 104/1969 የቀበሌ የፍርድ ሸንጎዎችን አመጡ። የድንበር፣ የመሬት፣ የትንንሽ ስርቆት ጉዳይ ከወረዳው ወንበር ወደ ሸንጎው ሄደ። እኛ አውራጃዎቹ ዘንድ የርስት መዝገብ በአንድ ክረምት ጭጭ አለ። መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የዘመናት የድንበር ሙግት መሠረቱ ተናደ። መደርደሪያው ላይ የተከመሩት መዝገቦች «ጉዳዩ በአዋጅ ስለተዘጋ» እየተባሉ አንድ በአንድ ወደ ጓዳ ተመለሱ። ተሟጋቾቹ ግን ወዲያው አላመኑም ነበር፤ ቀጠሯቸውን ጠብቀው መጥተው በረንዳው ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። መዝገቡ ተዘግቷል ስንላቸው፣ «ቀጠሮ ተሰጥቶኛል እኮ» ይላሉ።

በ1980 ዓ.ም. ኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሲመሠረትም ጠቅላይ፣ ከፍተኛና አውራጃ ፍርድ ቤት ነበረ። አውራጃ የሚለው ስም ከፍርድ ቤት ታፔላ ላይ የወረደው ከ1983 በኋላ የአስተዳደሩ ካርታ በክልል፣ በዞንና በወረዳ ሲሠራ ነው።

ተማሪው ልጅ ሥራው እንዴት ይሄድ እንደነበር ቢያውቅ ደግሞ ይጠቅመዋል። ከሳሽ ክሱን አምጥቶ ለሬጅስትራር ያቀርባል። ሬጅስትራሩ ጉዳዩ በዚያ ፍርድ ቤት ሥልጣን ሥር መሆኑን፣ የማስረጃ ዝርዝርና ቃለ መሐላ መያያዙን አይቶ የዳኝነት ክፍያውን ያስከፍላል፤ ከዚያ መዝገብ ይከፈታል። ካርቶን ሽፋን፣ ጥግ ላይ ቀዳዳ፣ በቀዳዳው የሚሾልክ ገመድ። ቁጥሩ በትልቁ የመዝገብ ማውጫ ደብተር ላይ ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ይጻፋል፤ የከሳሽና የተከሳሽ ስም በግራና በቀኝ። ያ ደብተር ከጠፋ ፍርድ ቤቱ ዐይኑ ጠፋ ማለት ነው።

ቀጠሮ ሲደርስ የችሎት አስተናጋጁ በር ላይ ቆሞ ስም ይጠራል፤ ድምፁ ገበያው ድረስ የሚሰማ ሰው ተመርጦ ነው የሚቀጠረው ብለን እንቀልድ ነበር። ተከሳሹ መጥሪያ ደርሶት ካልቀረበ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ ቁጥር 70(ሀ) በሌለበት እንዲታይ ይታዘዛል። ምስክር ሲሰማ የምስክሩን ቃል የሚጽፈው ሰብሳቢ ዳኛው በገዛ እጁ ነበር። ምስክሩ እየተናገረ ዳኛው እየጻፈ፣ «ቆይ፣ እዚህ ላይ ድገምልኝ» እያለ ከጠዋት እስከ ምሳ ሁለት ምስክር ቢሰማ ብዙ ነው። የዳኛው እጅ ጽሑፍ ካላማረ ደግሞ የይግባኝ ሰሚው ራስ ምታት እኛ ጋ ይመጣል፤ «ይህ ቃል ምንድን ነው የሚለው?» የሚል ደብዳቤ። ዛሬ ምስክርነት በድምፅ መቅጃ ይቀረጻል፤ የመገልበጡ ወረፋ ግን አዲስ ችግር ሆኗል ይሉኛል።

በወንጀል በኩል ነፍስ ግድያና ከባድ ውንብድና ሲሆን ወረዳው የቀዳሚ ምርመራ ያደርግ ነበር፤ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት። ምስክሮቹን ሰምቶ፣ ቃሉን መዝግቦ፣ ተከሳሹን ወደ ከፍተኛው ያስተላልፋል። ምስክር ሞቶ ወይም ጠፍቶ ፍርዱ እንዳይበላሽ የታሰበ ብልሃት ነው፤ እኔ በበኩሌ ዛሬ ሰዎች የዘነጉት ይመስለኛል።

ወሎየዋ

አንድ ትልቅ ነገር እየዘለላችሁ ነው። በእኛ በወሎ፣ በሐረርጌ፣ በጅማና በባሌ የክፍለ ሀገሩ ሰው ፍርድ ቤት ሲል አውራጃውን ብቻ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 የናኢባ (የቃዲው ምክትል) ምክር ቤትን፣ የቃዲ (የእስልምና ሕግ ዳኛ) ምክር ቤትን፣ ከላይ ደግሞ የሸሪአት ፍርድ ቤትን አቋቁሟል። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ውርስ፣ ወቅፍ (ለሃይማኖት ሥራ የተሰጠ ንብረት) የሚዳኘው እዚያ ነበር። የአያቴ የውርስ ክፍፍል በቃዲ ፊት ተቋጭቶ አውራጃው ፍርድ ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ የቃዲው ቤት ግን ከአውራጃው ፍርድ ቤት ብዙም አይርቅም ነበር።

አሁንም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ ይችላል። በፌዴራል ደረጃ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተጠናክረው ተቋቁመዋል፤ ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው። ስለዚህ «አራት እርከን» ስትሉ ከጎኑ ሌላ መሰላል እንደነበር ጻፉልን።

ነገረ ፈጅ

እህቴ ልክ ነሽ፤ ብዙዎቻችን በመደበኛው ውስጥ ስለምንውል ይህን አናነሣም። የዙፋን ችሎትን አቤቱታ ከሚያውቁት ሰዎች ይልቅ የቃዲን ደጅ የሚያውቁት ይበዙ እንደነበር አልጠራጠርም።

ወደ ተማሪው ልሂድ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 78 ክልሎች ጠቅላይ፣ ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እንዲኖራቸው ይላል። በተግባር የመጀመሪያ ደረጃው በወረዳ፣ ከፍተኛው በዞን ደረጃ፣ ጠቅላዩ በክልሉ ዋና ከተማ ተቀመጠ። የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በየክልሉ ባልተቋቋመበት ጊዜ ደግሞ ሥልጣኑ በውክልና ለክልሎቹ ይሰጣል። በአንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ ሥራ፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን ከፍተኛ ሥራ ደርቦ ይሠራል። ደብረ ማርቆስ ወይም ደሴ ላይ የተቀመጠ የዞን ዳኛ ጠዋት በክልሉ ሕግ ይግባኝ ሰምቶ፣ ከሰዓት የፌዴራል ወንጀል መዝገብ የሚይዘው ለዚህ ነው። አፋር፣ ሶማሌ፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ ጋምቤላና የያኔው ደቡብ ላይ ግን በአዋጅ ቁጥር 322/1995 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ተደርጓል።

ይህን ስታጠና ይግባኙ በሁለት ጅረት እንደሚሄድ ልብ በል። ዳኛው መዝገቡን በክልል ሥልጣኑ ይዞት ከሆነ ይግባኙ ክልሉ ውስጥ ያልቃል፤ በፌዴራል ውክልና ከሆነ መንገዱ ወደ ፌዴራል ይዞራል። ጀማሪ ጠበቃ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀነ ገደቡ ያልፍበታል።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 454 በተጀመረው ደንብ፣ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰየመውና መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው የፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለ ፍርድ ቤት፣ የዞኑንም የወረዳውንም ይገዛል። የድሮው የአውራጃ ዳኛ ሕጉን አንብቦ ይፈርድ ነበር፤ የዛሬው የሰበር ቅጾቹንም ማገላበጥ አለበት።

የዳኛ አሿሿሙም ተቀይሯል። የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ በክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት በክልሉ ምክር ቤት ይሾማል፤ ጋሼ ዋርካ ያነሡት ጥያቄ በወረቀት ላይ ያገኘው መልስ ይህ ነው።

ዋርካ ሥር

«በወረቀት ላይ» ማለትህን ወድጄዋለሁ። በጀቱን የሚያጸድቀው ማን ነው ብዬ ብጠይቅህ ሌላ ክር እንከፍታለን።

ባላገሩ

እኔ የምኖረው የድሮ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረች ትንሽ ከተማ ነው። ስሟን ልተወው። ሁላችሁም ስለ ሥልጣን ትጽፋላችሁ፤ እኔ ስለ እግር ልጻፍ።

አውራጃው እያለ ይህች ከተማ የራሷ መካከለኛ ፍርድ ቤት ነበራት። ካርታው በዞን ሲሠራ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወደ ዞኑ ከተማ ሄደ፤ እኛ ዘንድ ወረዳው ቀረ። የወረዳ ውሳኔ አልተመቸኝም ያለ ሰው ይግባኙን ይዞ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ያድራል፤ ምግብ ይገዛል። ዳኛው ካልተሟላ «መዝገቡ አልተመረመረም» ተብሎ ሌላ ቀጠሮ ይሰጠዋል። ባለፈው ዓመት አንዲት መበለት ጎረቤቴ በቀለብ ጉዳይ ይግባኝ ብላ፣ የአውቶቡሱ ሒሳብ ከምትከራከርበት ቀለብ በልጦባት ተወችው። ሕጉ መብት ሰጥቷታል፤ መንገዱ ነጠቃት።

ይግባኝ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ ቁጥር 337 መሠረት መልስ ሰጭው ሳይጠራ ሊሰረዝ ይችላል። ሕጉ ጥሩ ምክንያት ይኖረዋል። ነገር ግን ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ «ያስቀርባል»፣ ማለት መልስ ሰጭው ይጠራ፣ ሳይባል የሚመለስ ሰው ፍርድ አገኘሁ ብሎ አያስብም። አውራጃው ይመለስልን ስል የስሙ ናፍቆት ይዞኝ አይደለም።

ነገረ ፈጅ

ያለኸው እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን እርከን መጨመር አይመስለኝም። እርከን ሲጨመር ድሃው ላይ ሌላ ይግባኝ ሊጨመርበት ይችላል፤ ገንዘብ ያለው ባላጋራ በየእርከኑ ያጎትተዋል። የሚሻለው ተዘዋዋሪ ችሎት ነው፤ ዳኞቹ መዝገቡን ይዘው ወደ ከተማችሁ ይምጡ። ይህም አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ ከመጽደቁ በፊትም ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከአዲስ አበባ ውጭ በየጠቅላይ ግዛቱ ያስችል ነበር። ቀለብና የቤተሰብ ጉዳይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የመሬት ድንበር፣ እነዚህ ብቻ በተዘዋዋሪ ቢታዩ ከመንገዱ ግማሹ ይቀንሳል።

ባላገሩ

ተዘዋዋሪው መጥቶ ያውቃል። የመጣ ጊዜ ሰው በደስታ ተሰለፈ፤ የመኪና ነዳጅ ሲያልቅ አብሮ አለቀ። አውራጃው ቢያንስ ቤቱ እዚሁ ስለነበር ነዳጅ አይጠይቅም።

ጡረተኛው ሬጅስትራር

ሁለታችሁንም ሰማሁ። እኔ ለባላገሩ አደላለሁ፤ አንድ ነገር ግን አይረሳ። አውራጃው ቅርብ ነበር ሲባል ለአማርኛ ተናጋሪው ነው። በአገው ምድር ችሎት ላይ አማርኛ የማይሰማ ሰው በአስተርጓሚ ሲሟገት አይቻለሁ፤ አስተርጓሚው ደግሞ አንዳንዴ የባላጋራው ዘመድ ነው። ዛሬ በዚያው አካባቢ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር አውኚ የሥራ ቋንቋ ሆኗል። ያ ሰው ዛሬ አውቶቡስ ቢሳፈርም እንኳ ደርሶ በገዛ አፉ ይናገራል። ቅርበት በመንገድ ብቻ አይለካም።

የሞጣ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋሼ ሬጅስትራር፣ አባቴ ሲያወሩት የነበረውን አሁን ከእርስዎ ቃል ጋር አገናኘሁት። አያቴ በከፍተኛው ተረትተው አዲስ አበባ ከርመዋል ይባል ነበር። አሁን አጎቶቼ «ፍርዱ ይታደስና መሬቱን እንጠይቅ» ማለት ጀምረዋል። ተቃራኒው ወገንም የራሱን ወረቀት ይዟል አሉ። ይህ ውሳኔ ዛሬ ኃይል አለው? ሙሉው መዝገብስ የት ይገኛል? ግልባጩን ልለጥፈው?

አወያይ

ግልባጩ እንዳይለጠፍ። የተከራካሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በሕይወት ስላሉ ስማቸውን በአደባባይ አናወጣም። ዓመተ ምሕረቱንና የመዝገቡን ዓይነት መጥቀስ ይበቃል።

ነገረ ፈጅ

እህቴ፣ አጎቶችሽን በጊዜ አረጋጊያቸው። በ1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የርስት ባለቤትነት በሙሉ ተሽሯል። አያትሽን የረታው ሰውም ቢሆን በዚያ ፍርድ ዛሬ መሬት ሊጠይቅ አይችልም። በአሁኑ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ እርሱም የሚመነጨው ከመሬት አስተዳደሩ ይዞታ እንጂ ከ1961 ውሳኔ አይደለም። የመሬት አዋጁ ባይኖር እንኳ፣ ፍርድ በ10 ዓመት ውስጥ ካልተፈጸመ በይርጋ ይታገዳል። የዛሬ ጠበቃ «እናስታድሰዋለን» ብሎ ገንዘብ ከጠየቃቸው አይስጡት።

ጡረተኛው ሬጅስትራር

እውነቱን ነግሮሻል። መዝገቡን ለታሪክ ከፈለግሽው ግን የሚቻል ነው። የአውራጃ ፍርድ ቤቶች መዝገብ በየቦታው እጣው የተለያየ ነው፤ አንዳንዱ ወደ ወረዳው፣ አንዳንዱ ወደ ዞኑ መዝገብ ቤት ተዛውሯል፤ በጦርነትና በእሳት የጠፋም አለ። መጀመሪያ ሞጣ የወረዳውን ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ጠይቂ፤ ካልተገኘ ወደ ዞኑ ሂጂ። በአፍ አትጠይቂ፤ ማመልከቻ ጽፈሽ አስገቢ። በማመልከቻው ላይ የመዝገቡን ቁጥር ብቻ አትጻፊ፤ የአሮጌዎቹ ቁጥሮች በየዓመቱ ከአንድ ስለሚጀምሩ 1961 የሚለውን አስከትይ። የሁለቱንም ወገን ስም እስከ አያት አስፍሪ፤ ማውጫ ደብተሩ የሚፈለገው በስም ነው። ወራሽ መሆንሽን የሚያሳይ ማስረጃ ያዢ፤ አለዚያ መዝገቡን አያሳዩሽም።

መዝገቡ ከወጣልሽ ከፍርዱ ይልቅ የምስክሮቹን ቃል አንብቢ። ድንበሩን ሲያስረዱ ዛፉን፣ ጅረቱን፣ የማንን እርሻ ማን እንደሚያዋስነው፣ አባቱ ማን እንደነበር ይናገራሉ። የአገሩን ሰው በሙሉ እዚያ ታገኚዋለሽ። ከፍተኛው ያዘዘው የይግባኝ ትእዛዝም ከኋላ ተያይዞ መሆን አለበት፤ ይግባኝ ሰሚው የውሳኔውን ግልባጭ ለሥር ፍርድ ቤት መላክ ግዴታው ነበር። የዙፋን ችሎት ትእዛዝ ከተጨመረበት ቀለሙ ሌላ፣ ወረቀቱም ወፍራም ይሆናል፤ ዐይንሽ ወዲያው ይለየዋል።

የሕግ ተማሪ

ጋሼ፣ እንደዚህ ያሉ መዝገቦችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ማየት ይፈቀዳል?

ጡረተኛው ሬጅስትራር

ከዩኒቨርሲቲህ ደብዳቤ አጽፈህ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አቅርብ፤ ሬጅስትራሩ ብቻውን አይፈቅድልህም። የአስገድዶ መድፈርና የልጆች ጉዳይ መዝገብ አይሰጥህም፤ እርሱን አትጠይቅ። ስትሄድ ማስክና ጓንት ያዝ፤ አቧራው ይገድልሃል። ገመዱን ከፈታህ ደግሞ ገጾቹን በቅደም ተከተል መልሰህ እሰር፤ ያላሰረ ተማሪ ሁለተኛ አይገባም።